ከሻሸመኔ ያላለፈው ጉዞ

ሥራ የጀመርኩት በጩኸት ነው። ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ጠሪ ሆኜ ገባሁ። ጠሪ ከማዕረግ ሁሉ የመጨረሻው ነው። ከሱ በላይ ረዳቱ፣ ከረዳቱ በላይ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩ በላይ ተቆጣጣሪው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለውዝ የሚፈለፍለው ባለንብረት አለ። የኔ ባለንብረት ጋሽ ገብሬ ነበሩ።

የመጀመሪያ ቀን ከጠዋት ጀምሬ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» ስል አረፈድኩ። አውቶቡሱ ሊሞላ ሲል አንዲት እናት ጓዛቸውን አስጭነው መጡና ሻሸመኔ ብርድ ነው ወይስ ሙቀት፣ ጋቢዬን ላውጣ ወይስ ታስሮ ይቆይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ እስከዚያን ቀን ከሞጆ አልፌ አላውቅም። ጋሽ ገብሬ ሰምተው ኖሮ ጠሩኝ።

«ምን ስትሸጥ ነው ያረፈድከው?»

«ሻሸመኔን።»

«አይተኸዋል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው እንኳ ሽንኩርቱን አይቶታል» አሉና ያለ ቲኬት እዚያው አውቶቡስ ላይ አሳፈሩኝ። በማግስቱ ስመለስ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ቢሆንም ለጠየቀኝ ሁሉ ጋቢ እንደሚያስፈልግ በሹክሹክታ እናገር ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ የተራው ነገር ተለወጠ። አውቶቡሶቹ በማኅበር ተደራጁ፣ ስምሪት የሚባል ነገር መጣ፣ መኪና የሚሄድበትን የሚወስነው ገበያው መሆኑ ቀርቶ ቢሮው ሆነ። እንግዲህ ጠሪ ምን ብሎ ይጠራል? እኔም መኪና ያለውን ሰውና መኪና የሚፈልገውን ሰው ማገናኘት ጀመርኩ። ሰው ሶደሬ ሊታጠብ፣ ላንጋኖ ሊዝናና፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ ሲሄድ መኪናውን ፈልጌ፣ መንገዱን አስልቼ፣ ወረቀቱን አስጨርሼ አስረክባለሁ። እናንተ ዛሬ አስጎብኚ ትባላላችሁ፣ ቢሮ አላችሁ፣ ካርድ አላችሁ። የኔ ሥራ ስም አልነበረውም። ሰፈሩ «ጉዞ ቆራጭ» ይለኝ ነበር፣ ጨርቅ እንደሚቆርጥ ልብስ ሰፊ። አልተሳሳቱም። ደንበኛ አገር የሚያህል ጨርቅ ተሸክሞ ይመጣል። ከዚያ ውስጥ ለአንድ ሳምንት የምትበቃ ሸሚዝ ማውጣት የኔ ፋንታ ነበር።

በደርግ ጊዜ ጉዞ የሚጀምረው ከመንገዱ አልነበረም፣ ከቀበሌው ነው። ከከተማ ለመውጣት ይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ የምትሄድበት ቦታ፣ የምትመለስበት ቀንና የጉዞው ምክንያት ይጻፋል። ከዚያ የቤንዚን ኩፖን አለ። ከዚያ በየኬላው ፍተሻ። ያሳደረህ ሰው ደግሞ እንግዳ መጣብኝ ብሎ ቀበሌው ዘንድ ያስመዘግብሃል።

አስቸጋሪው ምክንያቱ ነበር። አንድ ጊዜ ለፋብሪካ ሠራተኞች «ለአገር ጉብኝት» ብዬ አጽፌ ብቀርብ፣ ጓድ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ወደኔ ገፉት። «አገሩ የት ይሄድባቸዋል? ቆሞ ነው ያለው። ሥራቸውን ይሥሩ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጉብኝት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። በኔ እጅ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚሄደው ዘመድ ሊጠይቅ፣ ሊታከም ወይም ለቅሶ ሊደርስ ሆነ። የዋና ልብስ ይዘው ለቅሶ የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ።

መምህር ዘውዴን ያመጣቸው ከድር ነው። ከድር የአርሲ ልጅ ነው፣ ከወንድሙ ጋር አንዲት ላንድሮቨር ነበረችው፣ ጉዞ ስቆርጥ ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለሱ ነበር። መምህሩ የከድርን ልጅ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮታቸው ላይ ጠመኔ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ የግድግዳ ካርታ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው መጡ። ብርጭቆዎቹን አስነስተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት እየደረሰ ነበር። አንድ ሳምንት አላቸው። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ጋር አገር ማየት ይፈልጋሉ። የትኛውን አገር ብዬ ብጠይቅ ማስመሪያቸውን አውጥተው ከምጽዋ እስከ ሞያሌ ለኩልኝ። ጎንደር በመንገድ ላይ ነው። ሐረር ትንሽ ወደ ቀኝ ነው። ጋምቤላ ደግሞ፣ ከተቻለ።

«መምህር፣ ይሄ ካርታ ኬላ የለውም» አልኳቸው።

«ምን?»

«ኬላ። ጭቃም የለውም፣ የፈነዳ ጎማም የለውም። የቀበሌ ሊቀመንበርም አልተሳለበት።»

ሳቁ። ከዚያ መቁረጥ ጀመርኩ። ሰሜኑን የቆረጠው ጦርነቱ ነው፣ የኔ መቀስ እንኳ አላስፈለገም። ምሥራቁን ፍተሻው ቆረጠው። ምዕራቡን ርቀቱ። አንዱን ባነሳሁ ቁጥር ጣታቸውን ከካርታው ላይ ቀስ ብለው ያነሳሉ። አንድም ጊዜ አልተከራከሩኝም። ደንበኛ ሲከራከረኝ ደስ ይለኛል፣ ዝም ሲለኝ ግን እጄ ይከብደኛል።

ጣታቸው ያልተነሳው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር። ስምጥ ሸለቆውን ተከትላችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ አርባ ምንጭ ላይ ዓባያና ጫሞ ጎን ለጎን አሉ። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ አለ።

«ይህን አትቁረጥብኝ» አሉ።

ምክንያቱን ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ሲያስተምሩ ሐይቆቹን ከላይ ወደ ታች ሰሌዳው ላይ ይስላሉ። ሁለቱ ጋ ሲደርሱ ዓባያን በቡናማ ጠመኔ፣ ጫሞን በሰማያዊ ይቀባሉ፣ ጎን ለጎን ሆነው ቀለማቸው ስለሚለያይ። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ እርስዎ አይተውታል?» አለቻቸው። መጽሐፉ ላይ አለ ብለው መለሱላት።

«ልጅቷ ተቀመጠች» አሉኝ መምህሩ። «እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልተቀመጥኩም።»

እንግዲህ ጉዳዩ ይሄ ነበር። መምህር ዘውዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሄደው፣ ያ ኮረብታ ላይ ቆመው፣ ተመልሰው መጥተው «አዎ፣ አይቼዋለሁ» ማለት ይፈልጋሉ።

አቆራረጡ ቀላል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሻሸመኔ ማደር፣ በሁለተኛው ቀን በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ መግባት፣ እዚያ ሁለት ቀን መቀመጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መመለስ። ለይለፉ ምክንያት ዘመድ ያስፈልገናል። ወይዘሮ በላይነሽ ዝዋይ ላይ አቶ መንገሻ የሚባል ያክስታቸው ልጅ አላቸው። መምህሩ አርሲ ነገሌ ላይ አክስት አሏቸው፣ እትዬ አስካለ። ዝዋይን «ለዘመድ ጥየቃ» አልኩት። ነገሌን ደግሞ፣ ሁለት ጥየቃ እንዳይበዛብን ብዬ፣ «ለለቅሶ» አልኩት። አርባ ምንጭ ላይ ዘመድ ስለሌላቸው አንድ የታመመ አጎት ፈጠርኩላቸው።

ታዲያ እንዲህ ብዬ መከርኳቸው፦ ሩቁን እናስቀድም፣ ዘመዶቹን በመልስ እንጠይቃለን።

ወይዘሮ በላይነሽ አልተዋጠላቸውም። «በደጃቸው አልፈን? ስማቸውን ወረቀት ላይ አስጽፈን ሳንገባ? ለሰሚውም ይቀፋል» አሉ። መምህሩም ሐይቆቹን እንደሚያስተምሩት ከላይ ወደ ታች በተራ ማየት ፈለጉ። ዝዋይ ለምሳ፣ ነገሌ ለአንድ ስኒ ቡና፣ ማታ ሻሸመኔ። ወረቀት ላይ ሲታይ ይሆናል። ደንበኛ ነው ብዬ ተውኩት።

እኔ ኩፖኑን ስቆጥር፣ ከድር ጎማውን ሲያይ፣ መምህሩ ካርታቸውን ሲያጥፉ፣ የሁዳዴ ጾም በሚቀጥለው ሰኞ እንደሚገባ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሳምንቱ ቅበላ ነበር። ሰው ጾሙ ሳይገባ ሥጋውን የሚያጠናቅቅበት ሳምንት። በቅበላ ሳምንት የዘመድ ቤት ደጅ የረገጠ እንግዳ በራሱ ፈቃድ አይወጣም።

ኬላውን እንዳናግርላቸው እኔም ተጨምሬ ሰኞ ጠዋት ተነሳን። ከሞጆ አልፈን የቆቃ ውሃ ሲታይ ወይዘሮ በላይነሽ ደስ ብሏቸው «ይኸው አንዱ» አሉ። መምህሩ በመስኮት አየት አድርገው፣ ይሄ ሰው የሠራው ነው፣ አይቆጠርም አሏቸው። ከድር ሰው የሠራው መሆኑን ውሃው ራሱ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ዝዋይ ምሳ ሰዓት ላይ ደረስን። አቶ መንገሻ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዓሣ ይነግዳሉ። ዓሣ እንበላለን ብለን ስንገባ በጉ ተገፎ ተሰቅሏል። ምሳው እራት ሆነ፣ እራቱ መኝታ። ጠዋት ለመነሳት ስንል የመኪናው ቁልፍ የለም። አቶ መንገሻ ለሚስታቸው ሰጥተዋል፣ ሚስትየው ደግሞ መሶቡ ውስጥ ከተውታል።

«ቁልፉ አለ» አሉ አቶ መንገሻ። «ግን ጉበቱ መች ተበላ?»

«ጋሼ፣ መንገዳችን ሩቅ ነው» አልኳቸው።

«መንገዱ አይጾምም። በሞቴ፣ ዛሬን ብቻ።»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? በዚያ ላይ ከድር እስላም ስለሆነ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። አቶ መንገሻ የኔ እንግዳ ጦሙን አያድርም ብለው እስላም ጎረቤታቸውን ለምነው ፍየል አሳረዱለት። ከድርን ወደ ጓሮ ወስጄ እባክህ አንተ እንኳ እምቢ በል አልኩት።

«እኔ ዳቦ ይበቃኛል ብዬ ነበር» አለኝ። «አሁን ግን በስሜ ፍየል ታርዷል። ትቼው ብሄድ ፍየሉ ምን ይለኛል?»

መምህሩ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወርደው ብቻቸውን ተቀመጡ። ሲመለሱ ቸኩለሃል ወይ ብለው እኔን ጠየቁኝ። የቸኮሉት እሳቸው ነበሩ።

ረቡዕ ማለዳ ወጣን። ሳምንቱ ሊጋመስ ነው፣ ግን ነገሌን በቡና ብቻ ካለፍን ገና ይበቃናል ብዬ አሰላሁ።

አዳሚ ቱሉን አልፈን ቡልቡላ አካባቢ ስንደርስ መምህሩ አቁም አሉ። ሜዳ ነው። ግራር፣ አቧራ፣ ጥቂት ከብት። ወርደው በእጃቸው ወደ ሩቁ ተዳፋት አሳዩን። በተዳፋቱ ላይ እንደ ደረጃ የተደራረበ መስመር ይታያል።

«አሁን የቆምነው ሐይቅ ውስጥ ነው» አሉ። «ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ ድሮ አንድ ነበሩ። እነዚያ መስመሮች የውሃው ዳርቻ ናቸው። ሲጎድል፣ ሲጎድል እየቆመ ያረፈባቸው።»

ያን መንገድ ስንት ጊዜ እንደሄድኩበት አላውቅም። መስመሮቹንም አይቻቸው ነበር፣ ከብት የረገጠው ይመስለኝ ነበር። ከድር ኮፍያውን አውልቆ ዙሪያውን አየ። «እኛ ታዲያ ዓሣ ነና» አለ። መምህሩ ሲስቁ ጥርሳቸው በሙሉ የታየው ያን ቀን ነው። ላንጋኖ ስንደርስም ቡናማውን ውሃ አሳይተው አለቱንና አፈሩን እየነካኩ አስረዱን። ዓባያም እንዲህ ይመስላል ይባላል አሉ። «ይባላል» ሲሉ ወደ ደቡብ አዩ።

ነገሌ ከመግባታችን በፊት ኬላ ላይ አንድ የቀበሌ ጥበቃ ይለፉን ተቀብሎ አነበበ። «ለለቅሶ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ኮፍያውን አወለቀ።

«የእትዬ አስካለ ዘመዶች ናችሁ? እግዜር ያጥናችሁ» አለ። «ሰው ወደ ናዝሬት ተልኮ ነበር። መልእክቱ ደረሳችሁ?»

እኔ ነበርኩ ለቅሶውን የጻፍኩት፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ቃሉ ከጥየቃ ይለያል ብዬ። መምህሩ ማን ነው ብለው ጠየቁት።

«ታደሰ ነዋ። ሰሜን የነበረው። መርዶው እሑድ ነው የተነገረው።»

ታደሰ የእትዬ አስካለ የመጨረሻ ልጅ ነው። ናዝሬት ሲማር መምህሩ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጧል። በኋላ ወታደር ሆነ። ዘመዶቹ ሰኞ ጠዋት ሰው በአውቶቡስ ወደ ናዝሬት ልከው ነበር። እኛ ዝዋይ በጉ ሲቀርብልን፣ መልእክተኛው በደጃችን አልፎ ሄዷል።

ወይዘሮ በላይነሽ መኪናው ውስጥ እንዳሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። ጥበቃው ፊት ፊት እየሄደ ቤቱን አሳየን። ድንኳኑ ገና አልተነሳም።

ስለ ለቅሶው ብዙ አልጽፍም። መምህሩ ሲገቡ የጮኹት ጩኸት ከዚያ ቀጭን ሰውነት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ከድር አዛውንቶቹ መሃል ገብቶ በኦሮምኛ ሲያጽናና ዋለ፣ ግማሹ ለቀስተኛ የሱ አገር ሰው ነበር። እኔ ውሃ ቀዳሁ፣ ወንበር ተሸከምኩ። ሰው ሁሉ ከናዝሬት ድረስ እንዴት ፈጥናችሁ ደረሳችሁ እያለ አመሰገነን። ምስጋናውን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

ሐሙስም እዚያው ዋልን። አመሻሹ ላይ ሰዉ ሲቀንስ እትዬ አስካለ መምህሩን አጠገባቸው አስቀመጡ። እኔ ፋኖሱን ላቀርብ ገብቼ ስለነበር ሰማሁ።

«ዘውዴ፣ አገር ልታይ ወጥተህ ነው አሉ» አሏቸው።

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። የነገራቸው ወይ ከድር ነው፣ ወይ ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው። አልጠየቅኩም።

«እትዬ፣ አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ…»

«መች ተቆጣሁህ። ታዴም አገር አይቷል። ካንተ ካርታ ላይ እያየ የሚያወራውን ባሕር አይቶታል። ‹እማዬ፣ ውሃው ማለቂያ የለውም› ብሎ ጽፎልኛል።» ቀጥለውም «አንተስ የቱ ጋ ደረስክ?» አሏቸው።

«ላንጋኖ።»

«ቅርብ ነው» አሉ እትዬ አስካለ።

ዓርብ ጠዋት ድንኳኑ ተነሳ፣ እትዬ አስካለም ራሳቸው መርቀው ሸኙን። ሂድና የምታየውን እይ፣ እዚህ ተቀምጠህ አትመልሰውም አሏቸው። መምህሩ በቀኝ መስኮት ሻላን ከሩቅ አዩ። ሻሸመኔ ስንደርስ ከድር መንገዱ የሚለያይበት ጋ ቆመ። በቀኝ ያለው ወደ አላባ፣ ወደ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ ይወስዳል።

ይለፉ የሚያበቃው እሑድ ነው። ዛሬ ማታ ሶዶ ብንገባ ነገ ቀትር ላይ አርባ ምንጭ እንደርሳለን። ያ ማለት ግን እሑድ ኬላው ሲዘጋ እኛ ገና መንገድ ላይ ነን። ይህን ነገርኳቸው። ኬላውን እኔ አናግራለሁ፣ ለቅሶ ላይ ነበርን እላለሁ አልኩ። በሕይወቴ እውነተኛ ምክንያት ይዤ ኬላ ፊት የምቆመው ያን ቀን ብቻ ነበር።

መምህሩ ወደ ከድር ዞሩ። «ቀኑ ያለፈ ይለፍ ይዘን ብንያዝ፣ የሚታሰረው ማነው?»

ከድር መሪውን በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ ቆየ። «መኪናው ይቆማል፣ መምህር። እኔም አብሬው እቆማለሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ «ግን ከፈለጉ እነዳለሁ» አላቸው።



መምህሩ ወረዱ። ወደ አላባ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ተራመዱ። የጭነት መኪና አቧራ አልብሷቸው አለፈ። አህያ የሚነዱ ሰዎች አለፉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ክፍል ውስጥ ፈተና እንደሚጠብቅ አስተማሪ፣ ቆመው አዩ። የሚታይ ነገር አልነበረም፣ መንገድ ብቻ ነው። ሲመለሱ በሩን በቀስታ ዘጉት።

«ለአንድ ጥያቄ መልስ ብዬ የሰው እንጀራ አላስይዝም» አሉ። «መልሰው፣ ከድር።»

ዝዋይን ስናልፍ አቶ መንገሻ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ነጠላውን አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ እንጂ አላስቆሙንም።

ትምህርት ሲከፈት የሆነውን የነገረኝ ከድር ነው፣ እሱም ከልጁ ሰምቶ። መምህሩ ሐይቆቹን እንደወትሮው ሳሉ። ሻላን ሲጨርሱ ከሥሩ መስመር አሰመሩ። እስከዚህ ድረስ ያለውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከመስመሩ በታች ያለውን መጽሐፉ ነው የሚለው፣ ያየ ሰው ስታገኙ ጠይቁ አሏቸው። ከዚያ ቡናማውን ጠመኔ አነሱ።

ሌላ ጊዜ እንወስድዎታለን ብዬ ነበር። ሌላ ጊዜ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ክረምት መምህራን ለዘመቻ ተጠሩ። ከዚያ ኩፖኑ ጠበበ። ከዚያ መምህሩ ስኳር ታመሙና እግራቸው ረጅም መንገድ አልችል አለ። በየዓመቱ እረፍቱ ሲቃረብ ሻይ ቤት ብቅ ይላሉ። ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ስለ መንገዱ ግን አያነሱም። እኔም አላነሳም።

አንድ ዓመት የሙዝ ነጋዴዎች ይዤ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ሥራዬን ጨርሼ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ናዝሬት በገባሁ ማግስት በቀጥታ መምህሩ ቤት ሄድኩ። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

«ጎን ለጎን ናቸው» አልኳቸው። «ዓባያ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ጫሞ የደብተር ቀለም ነው። በአንድ ዓይን ይታያሉ፣ አንገት ማዞር እንኳ አያስፈልግም።»

«ንፋስ አለ?»

«አለ። ኮፍያ ይወስዳል።»

«ከታች ደኑ?»

«ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዝንጀሮ አለ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ እጄን ያዙ።

«ደህና አርገህ አይተህልኛል» አሉ። «ግን ሽፈራው፣ ያየኸው አንተ ነህ።»

መምህር ዘውዴ ደርግ በወደቀበት ዓመት አረፉ። ይለፍ ወረቀት የቀረውም በዚያው ዓመት ነው። ቀብራቸው ላይ ብዙ ተማሪ ነበር። ከአርሲ ነገሌ እትዬ አስካለ በሰው ተደግፈው መጥተው ነበር፣ ከዝዋይ አቶ መንገሻም። ሁሉም ደረሱላቸው። እኔ ቆሜ ሳይ፣ ያን ሳምንት እንዳልኩት ብናደርግ ኖሮ ሐይቁን አይተው የታደሰን ለቅሶ በመልስ ይደርሱ ነበር ብዬ አሰብኩ። ያ ለሳቸው ይሻል እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የሞተባቸውን ልጅ ሳያውቁ ኮረብታ ላይ ቆመው ሲደሰቱ ኖሮ፣ በኋላ ሲሰሙት ያንን ደስታ ምን ያደርጉት ነበር? ይህን የሚመልስልኝ ሰው የለም።

ሥራውን በተመለከተ ግን የማውቀው አለ። ጉዞ ስታወጡ ሩቁን አስቀድሙ፣ ቅርቡ በመልስም ይገኛል። ደንበኛው አይሆንም ካለ ተከራከሩት። አሁንም አይሆንም ካለ ደግማችሁ ንገሩት። እኔ የነገርኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።